ደካማውን ብርሃን ያጠራቀሙ ሰዎች፦ የጋላክሲዎች ፎቶግራፍ ታሪክና የአማተሮች ድርሻ

በኅዳር ወር፣ ክረምቱ ካለፈና ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ ከከተማ መብራት ርቆ የሚገኝ የአገራችን ሰው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ ቀና ቢል፣ በከዋክብቱ መካከል አንዲት የደበዘዘች የጭጋግ ጠብታ ያያል። ዓይኑን ሲተክልባት ትጠፋለች፤ ጥቂት ወደ ጎን ሲመለከት ግን ተመልሳ ብቅ ትላለች። ይህች ጠብታ የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ናት። ዛሬ ማታ ወደ ዓይናችን የሚደርሰው ብርሃኗ ጉዞውን የጀመረው ከ2.5 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ነው። ፋርሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አል-ሱፊ በ964 ዓ.ም. ገደማ ስለ ከዋክብት ባዘጋጀው መጽሐፍ ውስጥ እንደ ትንሽ ደመና አድርጎ ጠቅሷት ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ልዩ ማስታወሻ ካልተሰጠ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአል-ሱፊ ዘመን በኋላ ዘጠኝ መቶ ዓመታት ያህል አልፈውም የሰው ልጅ ስለዚህች ጠብታ ምንነት ብዙ አልተራመደም ነበር። ምክንያቱ የእውቀት ፍላጎት ማነስ አይደለም። ችግሩ ከዓይናችን ተፈጥሮ የመጣ ነበር። ዓይን ብርሃንን አያጠራቅምም፤ ከአንድ ሰከንድ ጥቂት ክፍልፋይ በኋላ የቀድሞውን ጥሎ አዲሱን ይቀበላል። ስለዚህ አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ቢያፈጥ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ካየው አብልጦ የሚያየው ነገር እምብዛም ነው።

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ስለ ጋላክሲዎች ፎቶግራፍ ታሪክ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ በመጀመሪያ የመጡልኝ በተራራ ጫፍ ላይ የቆሙት ታላላቅ ቴሌስኮፖች ነበሩ። ታሪኩን ከሥሩ ስመረምረው ግን ሌላ ነገር አገኘሁ። ደካማውን የጋላክሲ ብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ በፎቶግራፍ ያጠራቀሙት ሰዎች እንጀራቸውን በሌላ ሙያ የሚበሉ፣ ሰማዩን ግን ስለሚወዱት ብቻ የሚመለከቱ ነበሩ። ዛሬም በትንሽ ቴሌስኮፕና በዲጂታል ካሜራ ወደዚያው ሥራ የተመለሱት የእነርሱ መሰሎች ናቸው። አማተር የሚለው ቃል ከላቲን ሲወርስ ትርጉሙ ወዳጅ፣ አፍቃሪ ማለት ነው። የሙያ ማኅበር መጽሔት ስለ አማተሮች መጻፉ እንግዳ ቢመስልም፣ ከታሪካቸው እኛ ባለሙያዎች የምንማረው ቁም ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። ይኸውም መረጃ ማጠራቀም የሥራው ግማሽ ብቻ መሆኑ፣ ሌላው ግማሽ ደግሞ ስሕተትን መቀነስና ያጠራቀሙትን በትክክል ማንበብ መሆኑ ነው።

ዓይንና እርሳስ

ፎቶግራፍ ከመምጣቱ በፊት ተመራማሪው ያየውን በእርሳስ ይሥል ነበር። ፈረንሳዊው ሻርል መሲዬ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ጅራታም ኮከቦችን ሲያድን፣ ጅራታም ኮከብ እየመሰሉ የሚያሳስቱትን የጭጋግ ጠብታዎች መዝግቦ 103 የሚሆኑትን በ1781 በታተመው ዝርዝሩ አቀረበ። አንድሮሜዳ በዚሁ ዝርዝር 31ኛዋ ናት። እነዚህ ጠብታዎች በጠቅላላው ኔቡላ፣ ማለትም ደመና፣ ይባሉ ጀመር።

በ1845 በአየርላንድ ቢር በሚባል ስፍራ ሎርድ ሮስ 1.83 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የተገጠመለትን ቴሌስኮፕ አቁሞ፣ በመሲዬ ዝርዝር 51ኛ የሆነውን ኔቡላ ሲመለከት እንደ ውኃ አዙሪት የተጠማዘዘ ቅርጽ አገኘ። በዘመኑ ከዚያ የሚበልጥ ቴሌስኮፕ አልነበረም። ነገር ግን ግኝቱ የቀረበው በእጅ በተሣለ ሥዕል ነበር። የእጅ ሥዕል ደግሞ ተመልካቹ ያየውን ብቻ ሳይሆን አየሁ ብሎ ያሰበውንም ይጨምራል። ሁለት የታመኑ ሰዎች አንዱን ኔቡላ ሥለው ሁለት የተለያዩ ሥዕሎች ሲያቀርቡ፣ ኔቡላው ተለውጦ ነው ወይስ ሠዓሊው ተሳስቶ ነው የሚለውን ለመፍረድ የሚያስችል ማስረጃ አልነበረም።

ሐኪሙ፣ መሐንዲሱና ግንበኛው

መፍትሔው የመጣው ከፎቶግራፍ ነው፤ ይሁንና በአንድ ጊዜ አልመጣም። የመጀመሪያዎቹ የፎቶግራፍ ብርጭቆዎች እርጥብ ሆነው መነሣትና ሳይደርቁ መታጠብ ነበረባቸው፤ ይህም ለሥራው ከሩብ ሰዓት ያልበለጠ ፋታ ይሰጣል። ለጨረቃና ለብሩህ ኮከብ ይበቃ ይሆናል፤ ለኔቡላ ግን አይበቃም። በ1871 እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ማዶክስ በጀላቲን የተለበጠ ደረቅ ብርጭቆ የሚዘጋጅበትን መንገድ አሳወቀ። ሌሎች ካሻሻሉት በኋላ ይኸው ደረቅ ብርጭቆ ለሰዓታት ብርሃን ሲቀበል ሊቆይ የሚችል ሆነ። የሰው ልጅ ብርሃንን እንደ ዝናም ውኃ ማጠራቀም የቻለው ከዚህ በኋላ ነው።

ይህን ዕድል ፈጥነው ከያዙት መካከል ሦስት ሰዎችን ማንሣት ይበቃል። የመጀመሪያው የኒው ዮርኩ ሐኪም ሄንሪ ድሬፐር ነው። መስከረም 30 ቀን 1880 የኦሪዮንን ኔቡላ 51 ደቂቃ ብርሃን በማስገባት ፎቶግራፍ አነሣ፤ ኔቡላ በፎቶግራፍ ሲያዝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በ1882 መጋቢት ወር ጊዜውን ወደ 137 ደቂቃ አሳደገው። ዳሩ ግን በዚያው ዓመት ኅዳር ውስጥ በ45 ዓመቱ ሞተ። ባለቤቱ ሜሪ አና ድሬፐር በስሙ ለሃርቫርድ የሰጠችው ገንዘብ የከዋክብትን ብርሃን በፎቶግራፍ መድቦ ለመዘርዘር ለተካሄደው ታላቅ ሥራ መሠረት ሆነ።

ሁለተኛው በለንደን አጠገብ በኢሊንግ ይኖር የነበረው አንድሩ ኤንስሊ ኮመን ነው። የዕለት ሥራው የንጽሕናና የፍሳሽ ምህንድስና ነበር። በቤቱ ግቢ ባቆመው 91 ሳንቲ ሜትር መስተዋት ባለው ቴሌስኮፕ በ1883 ጥር ወር ኦሪዮንን 37 ደቂቃ አነሣ። በብርጭቆው ላይ በዚያው ቴሌስኮፕ በዓይን ሲፈለጉ የማይታዩ ከዋክብት ተቀርጸው ተገኙ። ይህ ትልቅ ነገር ነበር። እስከዚያ ድረስ ፎቶግራፍ ዓይን ያየውን ለማስቀመጥ የሚያገለግል መዝገብ ይመስል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ዓይን ያላየውን የሚያሳይ መሣሪያ መሆኑ ታወቀ። የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሥነ ፈለክ ማኅበርም በ1884 የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ ለርእሳችን የቀረበ ነው። አይዛክ ሮበርትስ በዌልስ ተወልዶ በሊቨርፑል በግንባታ ሥራ ሀብት ያፈራ ሰው ነበር። ዕድሜው ከገፋ በኋላ 51 ሳንቲ ሜትር መስተዋት ያለው ቴሌስኮፕ አሠርቶ በማግሀል አቆመ። ታኅሣሥ 29 ቀን 1888 ሌሊት ቴሌስኮፑን ወደ አንድሮሜዳ አነጣጥሮ ለአራት ሰዓት ያህል ብርሃን አጠራቀመ። መሬት በዛቢያዋ ስትዞር ሰማዩ የሚሄድ ስለሚመስል፣ ቴሌስኮፑ በሰዓት መዘውር እየተጎተተ ኮከቡን ሳይለቅ መከተል ነበረበት። መዘውሩ ጥቂት ቢሳሳት ከዋክብቱ ሁሉ እንደ ክር ተስበው ሥራው ከንቱ ይሆናል። ይህ ሁሉ በእንግሊዝ አገር የክረምት ብርድ፣ በክፍት ጣሪያ ሥር ነበር።

ብርጭቆው ታጥቦ ሲወጣ በብዙ ሺህ ተመልካቾች ዓይን ሞላላ ጭጋግ ብቻ ሆና የኖረችው አንድሮሜዳ፣ በጥቁር አቧራ ክሮች የተከፋፈሉ የሚጠማዘዙ ክንዶች ያሏት ሆና ታየች። ከአል-ሱፊ ጀምሮ ማንም ያላየው መልኳ ይህ ነበር።

ሥዕሉ እውነት፣ ንባቡ ስሕተት

ሮበርትስ ያነሣው ፎቶግራፍ ዛሬም ሲታይ ትክክል ነው። ሮበርትስ ፎቶግራፉን ያነበበበት መንገድ ግን ትክክል አልነበረም። ፈረንሳዊው ላፕላስ ፀሐይና ፕላኔቶች ከሚሽከረከር ጋዝ እንደ ተፈጠሩ ያስተማረውን መላምት በአእምሮው ይዞ ነበርና፣ በብርጭቆው ላይ ያያቸው ክንዶች በመወለድ ላይ ያለ አንድ የፀሐይ ሥርዓት ቀለበቶች መሰሉት። አጠገቧ የሚታዩትን ሁለት ትናንሽ ጠብታዎችም በመፈጠር ላይ ያሉ ፕላኔቶች አድርጎ ለማየት ተሳበ፤ ዛሬ እነዚህ በየራሳቸው ጋላክሲዎች መሆናቸው ታውቋል። በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ከዋክብት የያዘውን ነገር አንድ ኮከብና ቤተሰቡ ነው ብሎ ነበር። በዘመኑ የነበሩ ብዙ ሊቃውንትም ፎቶግራፉን እንደዚሁ አነበቡት።

ጥያቄው በአጭሩ ሲቀመጥ፣ ይህ ነገር በአቅራቢያችን ያለ ትንሽ ነገር ነው ወይስ ከእኛ እጅግ የራቀ ታላቅ ነገር? የሚል ነበር። ፎቶግራፍ ርቀትን በገዛ እጁ አይናገርምና መልሱ 36 ዓመት ያህል ፈጀ። በ1899 ጀርመናዊው ዩሊየስ ሻይነር ሰባት ሰዓት ተኩል ብርሃን አስገብቶ የአንድሮሜዳን የብርሃን ዝርዝር ካነሣ በኋላ፣ ከፀሐይ ብርሃን ጋር ስለሚመሳሰል ጋዝ ሳትሆን የከዋክብት ስብስብ ናት አለ። በዚያው ጊዜ ደግሞ የኮመን አሮጌ ቴሌስኮፕ ሁለተኛ ዕድሜ አግኝቶ ነበር። ኮመን ለኤድዋርድ ክሮስሊ ሸጦት፣ ክሮስሊ በ1895 በካሊፎርኒያ ለሚገኘው የሊክ የሥነ ፈለክ ጣቢያ በስጦታ ሰጠው። ጄምስ ኪለር በዚህ በአማተር ግቢ በተወለደ ቴሌስኮፕ ከ1898 ጀምሮ ሲሠራ፣ በየብርጭቆው ጥግ ያልታሰቡ ጥቃቅን ኔቡላዎች እየተቀረጹ አገኘ። በዚህ ሒሳብ በመላው ሰማይ በቴሌስኮፑ ሊያዙ የሚችሉት ወደ 120,000 እንደሚደርሱ፣ አብዛኞቹም ጠምዛዞች እንደሚሆኑ ገመተ። ኪለርም በ1900 በ42 ዓመቱ አረፈ።

ይህን ያህል ማስረጃ ተጠራቅሞም ክርክሩ አልተዘጋም። ሚያዝያ 26 ቀን 1920 በዋሽንግተን ሃርሎ ሻፕሊና ሒበር ከርቲስ በአንድ መድረክ ቀርበው ተቃራኒ አሳባቸውን አሰሙ። ሻፕሊ ጠምዛዞቹ ኔቡላዎች የሩቅ ዓለማት አይደሉም ብሎ ከቆመባቸው ምክንያቶች አንዱ አድሪያን ቫን ማነን ከፎቶግራፍ ብርጭቆዎች ያገኘው ልኬት ነበር። ቫን ማነን በተለያዩ ዓመታት የተነሡ ብርጭቆዎችን አነጻጽሮ ጠምዛዞቹ ሲሽከረከሩ ለካሁ ብሎ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ መሽከርከራቸው በዓይን ከታየ በጣም ሩቅ ሊሆኑ አይችሉም፤ ሩቅ ቢሆኑ ፍጥነታቸው ከብርሃን ፍጥነት ይበልጣልና። አመክንዮው ትክክል ነበር። ልኬቱ ግን የተሳሳተ ነበር። ቫን ማነን የተከበረና ጠንቃቃ ባለሙያ ሳለ፣ ከመለኪያ መሣሪያው አቅም በታች የሆነውን ልዩነት እንደ እውነተኛ እንቅስቃሴ ቆጠረው።

መልሱ የተገኘው ኤድዊን ሃብል ከጥቅምት 5 ቀን 1923 ምሽት እስከ ማግሥቱ ድረስ በዊልሰን ተራራ ላይ በሚገኘው 2.5 ሜትር ቴሌስኮፕ በሠራ ጊዜ ነው። በ45 ደቂቃ ባነሣው የአንድሮሜዳ ብርጭቆ ላይ አዲስ ፈንጂ ኮከብ ያገኘ መስሎት ምልክት አደረገበት። ከዚያ ግን ከመዝገብ ቤት የቆዩ ብርጭቆዎችን አውጥቶ ሲያስተያይ፣ ያ ኮከብ በየጊዜው እየደመቀና እየደበዘዘ የሚመላለስ ሆኖ አገኘው። የመጀመሪያውን ምልክት ሰርዞ ተለዋዋጭ መሆኑን የሚያመለክት ቃል ከቃለ አጋኖ ጋር ጻፈበት። ሄንሪየታ ሌቪት በሃርቫርድ ሆና በ1912 ባሳተመችው ሕግ መሠረት፣ የዚህ ዓይነት ኮከብ የመመላለሻ ጊዜው እውነተኛ ድምቀቱን ስለሚነግር ርቀቱን ማስላት ይቻላል። ሃብል ያገኘው ቁጥር ወደ 900,000 የብርሃን ዓመት የሚጠጋ ነበር። ከዛሬው ልኬት ቢያንስም አንድሮሜዳን ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ለማስቀመጥ ከበቂ በላይ ነበር። ውጤቱ ጥር 1 ቀን 1925 በይፋ ተነበበ።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ሃብል ከስሕተት የዳነው የራሱን የመጀመሪያ ንባብ ለመሰረዝ ፈቃደኛ ስለነበረና፣ ከእርሱ በፊት የነበሩ ሰዎች ብርጭቆዎቻቸውን በሥርዓት ስላስቀመጡለት ነው።

ከብርጭቆ ወደ ሲሊከን

ከሃብል በኋላ ለግማሽ ምእት ዓመት ያህል የደካማ ጋላክሲዎች ፎቶግራፍ የታላላቅ ጣቢያዎች ርስት ሆነ። አማተሮች አልጠፉም፤ ነገር ግን ፊልም ይበድላቸው ነበር። በፎቶግራፍ ላይ ከሚወድቀው መቶ የብርሃን ቅንጣት ውስጥ የሚመዘገበው አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። ከዚህም የከፋው፣ ብርሃኑ በጣም ደካማ ሲሆን ፊልም እየሰለቸ መሄዱ ነው፤ በእጥፍ ጊዜ እጥፍ ምስል አይሰጥም። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ብርቱዎቹ አማተሮች ፊልማቸውን በሃይድሮጅንና በናይትሮጅን ቅልቅል ጋዝ ውስጥ እያሞቁ ንቃቱን ይጨምሩለት ነበር። ሌሎችም ካሜራውን በደረቅ በረዶ ያቀዘቅዙ ነበር። ከዚያ በኋላ ዓይንን በመከታተያው ቴሌስኮፕ ላይ ሰክቶ፣ አንዲትን ኮከብ በሁለት የተሻገሩ ክሮች መካከል ለአንድና ለሁለት ሰዓት መጠበቅ ይመጣል። አንገት ይደነዝዛል፣ ጣት ይቆረፍዳል፤ በመጨረሻ አንድ አውሮፕላን መብራቱን አብርቶ በመካከሉ ቢያልፍ የሌሊቱ ድካም ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

ለውጡ የመጣው ስለ ሰማይ ካልታሰበ ምርምር ነው። በ1969 ጥቅምት ወር በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ የኤሌክትሪክ ክምችትን ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው የሚያስተላልፍ የሲሊከን መሣሪያ ነደፉ። መጀመሪያ የታሰበው ለኮምፒዩተር ማስታወሻ ነበር። ሲ.ሲ.ዲ. የተባለው ይህ መሣሪያ ብርሃን ሲወድቅበት በየጉድጓዱ ኤሌክትሮን ስለሚያጠራቅም ምስል መያዣ ሆነ፤ ሁለቱንም በ2009 ለኖቤል ሽልማት አበቃቸው። በ1975 በኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ስቲቨን ሳሰን የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሠራ። ክብደቱ 3.6 ኪሎ ግራም ነበር፤ ምስሉ በ10,000 ነጥቦች ብቻ የተሠራ ሲሆን በካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። በቀጣዩ ዓመት በአሪዞና ተመራማሪዎች ሲ.ሲ.ዲ.ን ከቴሌስኮፕ ጋር አገናኝተው ፕላኔቶችን አነሡ።

ጥሩ ሲ.ሲ.ዲ. ከመቶ የብርሃን ቅንጣት እስከ ዘጠና የሚደርሰውን ይመዘግባል። አይሰለችም፤ እጥፍ ጊዜ ሲሰጡት እጥፍ ምልክት ይሰጣል። በ1990ዎቹ ለአማተሮች የተዘጋጁ ትናንሽና የሚቀዘቅዙ የሲ.ሲ.ዲ. ካሜራዎች በገበያ ላይ ዋሉ። በ2003 ካኖን ከአንድ ሺህ ዶላር በታች የሚሸጥ፣ ሌንሱ የሚለዋወጥ ዲጂታል ካሜራ ሲያወጣ ደግሞ በሩ ለብዙዎች ተከፈተ። ሮበርትስ ሀብቱን አፍስሶ ያገኘው ዕድል በደመወዝ ለሚኖር መምህርና የቴክኒክ ሠራተኛ ደረሰ።

የማጠራቀምና የመቀነስ ሥራ

አንባቢ አንድ ጥያቄ ያነሣ ይሆናል፤ በተራራ ላይ የስምንትና የዐሥር ሜትር መስተዋቶች ቆመው ሳለ ዐሥር ሳንቲ ሜትር ሌንስ ምን ይጨምራል? ለኮከብ፣ ማለትም ለነጥብ ብርሃን፣ ትልቁ መስተዋት ያለ ጥርጥር ይበልጣል። የጋላክሲ ጠርዝ ግን የተዘረጋ ብርሃን ነው። በሰፊ ምጣድ ላይ ብዙ ሊጥ ቢፈስም የእንጀራው ውፍረት ያው ሊሆን እንደሚችል ሁሉ፣ ትልቅ መስተዋት ብዙ ብርሃን ቢሰበስብም ምስሉን በዚያው ልክ ከለጠጠው በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የሚያርፈው ብርሃን አይጨምርም። የተዘረጋ ብርሃንን የሚወስነው የሌንሱ ስፋት ከትኩረት ርቀቱ ጋር ያለው ንጽጽርና የተሰጠው ጊዜ ነው። አንድሮሜዳ በሰማይ ላይ የስድስት ሙሉ ጨረቃ ወርድ ስላላት ደግሞ፣ በአንድ ጊዜ መላዋን የሚይዘው ትንሹ ቴሌስኮፕ እንጂ ትልቁ አይደለም። በተጨማሪም የታላላቅ ቴሌስኮፖች ሰዓት በስስት የሚከፋፈል ሲሆን፣ አማተሩ ግን ለአንድ ጋላክሲ አንድ ወር ሙሉ ቢሰጥ የሚከለክለው የለም።

ዋናው እንቅፋት ሰማዩ ራሱ ነው። ፍጹም ጨለማ የሚመስለው ሌሊትም ቢሆን አየሩ ከላይ ጥቂት ያበራል፤ የጋላክሲዎች የውጭ ጠርዝ ብርሃን ከዚህ የሰማይ ብርሃን መቶኛ እጅ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ ሥራው በመቶ የሚቆጠሩ ፎቶግራፎችን አንሥቶ መደመር ነው። ምልክቱ በፎቶግራፎቹ ብዛት ልክ ሲያድግ፣ የዘፈቀዱ መዋዠቅ የሚያድገው በብዛቱ ካሬ ሥር ብቻ ነው። መቶ ፎቶግራፎች የተደመሩበት ምስል ከአንዱ ዐሥር እጥፍ የጠራ ይሆናል፤ ያንኑ በእጥፍ ለማጥራት ግን አራት መቶ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ እርምጃ ከቀደመው ይልቅ ውድ ነው።

ከመደመሩ እኩል የሚከብደው መቀነሱ ነው። ካሜራው በሙቀት ምክንያት ከራሱ የሚያመነጨው ኤሌክትሮን አለ። ይህን ለማወቅ አማተሩ በቴሌስኮፑ ላይ ክዳን ገጥሞ፣ በዚያው የሙቀት መጠንና ለዚያው ያህል ጊዜ ጨለማውን ያነሣል፤ ከሰማዩ ፎቶግራፍም ይቀንሰዋል። ሌንሱ ከመካከል ይልቅ በዳር ስለሚያጨልምና በካሜራው ላይ ያረፈች ብናኝ ክብ ጥላ ስለምትጥል፣ ወጥ የሆነ ብርሃን አንሥቶ ምስሉን በእርሱ ያካፍላል። ከሌሊቱ ግማሽ ያህሉ ምንም የማይታይበትን ነገር በማንሣት ያልፋል ማለት ይቻላል። ይህን የሚዘል ሰው ያማረ ፎቶግራፍ ሊያወጣ ይችላል፤ ማስረጃ ግን አይሆንለትም።

የአማተሮች መመለስ

የዚህ ትዕግሥት ፍሬ በእኛ ዘመን ታይቷል። ጣሊያናዊው አማተር ጁሴፔ ዶናቲዬሎ በ2010ና በ2013 ወደ 13 ሳንቲ ሜትር በሚጠጋ ሌንስ ያነሣቸውን የአንድሮሜዳ አካባቢ ምስሎች በ2016 እንደገና ሲመረምር፣ በማንኛውም ዝርዝር የሌለች አንዲት ደካማ ጠብታ አገኘ። በታላላቅ ቴሌስኮፖች ሲጣራ በ10 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት አካባቢ ርቀት ላይ ያለች ድንክ ጋላክሲ ሆነች፤ በ2018ም በስሙ ተመዘገበች። ባለሙያዎችም የአማተሮችን መንገድ ተከተሉ። ፒተር ቫን ዶኩምና ሮቤርቶ አብርሃም ለስፖርትና ለዱር እንስሳት ፎቶግራፍ የሚሸጡትን የካኖን ሌንሶች እንደ ተርብ ዓይን ጎን ለጎን ደርድረው፣ ድራገንፍላይ ያሉትን መሣሪያ በኒው ሜክሲኮ አቆሙ። በ2015 ኮማ በሚባለው የጋላክሲዎች መንጋ ውስጥ ቀድሞ ያልታዩ 47 እጅግ የሳሱ ጋላክሲዎች ማግኘታቸውን አስታወቁ። አንዳንዶቹ የፍኖተ ሐሊብ ያህል ስፋት ሲኖራቸው ከዋክብቶቻቸው ግን እጅግ ጥቂት ናቸው።

ይሁን እንጂ የሮበርትስ ፈተናም አብሮ ተመልሷል። በ2008 በአንድ አማተር 50 ሳንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ ከተነሣው የኤን.ጂ.ሲ. 5907 ጋላክሲ ምስል፣ የተበጣጠሰ ትንሽ ጋላክሲ ቅሪት ዙሪያውን ደጋግሞ ሲጠመጠም ታየ። ምስሉ እጅግ ያማረ ስለነበር በየመጽሔቱ ወጣ፤ ቀለበቶቹንም ለማስረዳት የኮምፒዩተር ስሌቶች ተሠሩ። በ2019 ድራገንፍላይ ያንኑ ሰማይ ሲያነሣ ግን ያገኘው አንድ ረዥም ጠመዝማዛ ክር ብቻ ነበር፤ ተደራራቢዎቹ ቀለበቶች አልታዩም። ዋናው ክር እውነት ነበር፤ ቀለበቶቹ ግን አልተረጋገጡም። ከሰማይ መቶኛ እጅ በታች ያለን ብርሃን ለማውጣት ስንታገል፣ የሰማዩን ብርሃን የቀነስንበት መንገድ ራሱ ቅርጽ ሊፈጥር እንደሚችል ይህ ያስገነዝባል። በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ያለ ስስ አቧራም የከዋክብትን ብርሃን እያንጸባረቀ የሩቅ ጋላክሲ ቅሪት መስሎ ያሳስታል።

ከሁሉ የሚደንቀው ታሪኩ ወደ አንድሮሜዳ መመለሱ ነው። በሰማይ ላይ ከአንድሮሜዳ የበለጠ የተነሣ ጋላክሲ ያለ አይመስልም። ነገር ግን በ2022 የፈረንሳይና የጀርመን አማተሮች ከ11 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ሌንስ፣ የኦክስጅንን ብርሃን ብቻ በሚያሳልፍ ማጣሪያ ለብዙ ሌሊቶች ብርሃን ሲያጠራቅሙ፣ በጋላክሲዋ አጠገብ የሦስት ሙሉ ጨረቃ ርዝመት ያለው ደብዛዛ ሰማያዊ ቅስት ብቅ አለ። ከባለሙያዎች ጋር ሆነው በ2023 ጥር ወር አሳተሙት። ወዲያውኑም የ1888ቱ ጥያቄ እንደገና ተነሣ፤ ይህ ቅስት በአንድሮሜዳ አካባቢ ያለ ታላቅ ነገር ነው ወይስ በእኛው ፍኖተ ሐሊብ ውስጥ፣ በመካከላችን ያለ ትንሽ ጋዝ? በኋላ የቀረቡ ጥናቶች ወደ ሁለተኛው አዘንብለዋል። ሮበርትስ ሩቁን ቅርብ አድርጎ ነበር፤ በእኛ ዘመን ደግሞ ቅርቡን ሩቅ ለማድረግ የሚስብ ምክንያት ነበር። ልዩነቱ፣ የአሁኖቹ ምስሉን ሲያሳትሙ መላምታቸውን ከማስረጃው ለይተው ማቅረባቸው ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለእኛ ለመለካትና ለመመዝገብ ሙያ ላደርን ሰዎች ሦስት ነገር የሚተርፍ ይመስለኛል። አንደኛ፣ የመጀመሪያው መዝገብ ሳይነካ መቀመጥ አለበት፤ የሃብልን ኮከብ ያስገኙት የቆዩ ብርጭቆዎች ናቸው፣ የዶናቲዬሎን ጋላክሲ የሰጡትም ዓመታት ያስቆጠሩ ምስሎች ናቸው። ሁለተኛ፣ ከመዝገቡ ላይ ምን እንደ ቀነስን ለሌላው በግልጽ መናገር አለብን። ሦስተኛ፣ ከሙያው በር ውጭ ቆሞ በፍቅር የሚሠራውን ሰው በማዕረጉ ሳይሆን በሥራው መመዘን ይገባናል። የፍሳሽ መሐንዲሱና ግንበኛው በሙያ ማኅበር ፊት ቆመው ብርጭቆዎቻቸውን ባያሳዩ፣ ማኅበሩም ባያዳምጣቸው ኖሮ፣ የጋላክሲዎች ታሪክ መልኩ ሌላ በሆነ ነበር።

በአገራችንም ይህ ፍቅር አለ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተመሥርቷል፤ በእንጦጦ ተራራ ላይም 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ስፍራ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ደጋማው አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኑ አንድሮሜዳን በሰሜን ከፍ ብላ፣ የማጅላንን ደመናዎች ደግሞ በደቡብ አድማስ ላይ ዝቅ ብለው ለማየት የታደለ ነው።  እርግጥ የአዲስ አበባ መብራት በየዓመቱ እየሰፋ ሰማዩን ይገፋል። ቢሆንም ከከተማ ጥቂት ሰዓት የሚያስኬድ መንገድ የተጓዘ፣ አንድ የቆየ ዲጂታል ካሜራና ሰማዩን የሚከተል ጠንካራ መቆሚያ ያለው ወጣት መምህር ሮበርትስ በአራት ሰዓት ያገኘውን የአንድሮሜዳን ክንድ በአንድ የኅዳር ሌሊት ሊያገኝ ይችላል።

ያ ወጣት አንድ ቀን ምስሉን ይዞ ወደ ማኅበራችን ቢመጣ ልንጠይቀው የሚገባን የት ተማርህ የሚለውን አይመስለኝም። ጨለማውን አንሥተሃል? የመጀመሪያዎቹን ምስሎች አስቀምጠሃል? ብለን እንጠይቀው። አዎን ካለን ወንበር እናቅርብለት። ይህ አጭር ጽሑፍ ይህን ለማስታወስ ረድቶ እንደ ሆነ የተጻፈበትን ዓላማ ፈጽሟል።